የእልፍነሽ ሽሮና የትርሲት ድስት

ደብረ ሲና ላይ ሕፃን አፉን ሲፈታ ከ«እማዬ» ቀጥሎ የሚላት አንዲት አባባል አለች። የመኪናውን ቀለም እየዞረ ሲያደንቅ መኪናው ጥሎት ለሄደ መንገደኛ ትባላለች። የሙሽራዋን ቀሚስ ስታወራ ሙሽራዋን ሳትስም ለተመለሰች ሴትም ትባላለች። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ይህችን አባባል ያልሰማ ሰው ቢገኝ ደንቆሮ ነው፤ እሱም ቢሆን በምልክት ነግረውታል። መነሻዋን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። መነሻዋ ጋሽ ጌጡ ነው።

ጋሽ ጌጡ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበር። ነጂ ሲባል እንደ ማንኛውም ነጂ እንዳይመስላችሁ። ሞተሩን ሲያስነሳ በሦስት ወረዳ ያለ ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫል፤ ተራራ ከሩቅ ሲያየው በራሱ ጊዜ ጎንበስ ይላል። አገር ከአገር ያገናኘው እሱ ነው፤ ከገዛ ቤቱ ጋር ብቻ ሳይገናኝ ዕድሜው አለቀ። ዛሬ ኦጋዴን፣ ነገ መተማ፣ ከርሞ ኦሞ። የካምፕ ምግብ ደግሞ በበርሜል የሚቀቀል ነውና መኮሮኒ ይሁን የጎማ ቁራጭ የሚለየው ሲታኘክ ነው። በረሃው ሁሉ እየዞረ ሲኖር የሚናፍቀው አንድ ነገር ነበር፤ የሚስቱ የእልፍነሽ ሽሮ።

የእልፍነሽ ሽሮ እንዲህ በዋዛ የሚወራ አይደለም። እህሉን ቆልታ፣ ከክታ፣ ቅመሙን እጇ ብቻ በሚያውቀው ልክ አዋህዳ ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ ወፍጮው ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይፈጭላት ነበር። ድስቷ ሲንተከተክ ሽታው ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ጣርማ በር ላይ ይጠብቃል፤ ወደ ደሴ የሚወርድ አውቶቡስ ፍሬን ሳይረገጥ ይቆም ነበር። ጋሽ ጌጡ ለፈቃድ ሲመጣ በልቶ፣ ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ፣ ጡረታ የወጣ ዕለት ከዚህ ገበታ ማንም እንደማያስነሳው ይምልላታል። እሷም፣ አንተ ብቻ እግርህን ሰብስብ ትለዋለች።

እግሩን ሰበሰበ። ጡረታ ወጥቶ፣ ሻንጣውን ፈትቶ፣ ገና የሰፈሩ ውሻ ሳይለምደው እልፍነሽ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ጓዳው ውስጥ መቆም አቃተው። ተራራ ያጎነበሰለት ሰው አንድ ወንፊት አይቶ ወደ ደጅ ይሸሽ ጀመር። ስለዚህ የጓዳውን ዕቃ ፊቱን አዙሮ፣ ምን ምን እንደሆነ እንኳ ሳያይ ለጎረቤት አከፋፈለው። ለግድግዳ ጎረቤቱ ለወይዘሮ ማሚቴ የደረሳት አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ነበር። ማሚቴ ቤቷ ወስዳ ስትከፍተው እልፍነሽ ለዐቢይ ጾም ብላ ያስፈጨችው ሽሮ እስከ አፉ ሞልቷል። አልቅሳ ከደነችው፤ ለክብር እንግዳ ካልሆነ አልነካም ብላም ከቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። ጋሽ ጌጡ ግን ቆርቆሮ መስጠቱን እንጂ ሽሮ መስጠቱን አላወቀም።

ጾሙ ሲገባ ትርሲት የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። ሥራዋ ድስት መሸጥ ነው፤ እንደ ሱቅ ደርድራ ግን አይደለም። ከአንዲት ባለቤት ጋር ትነጋገራለች፣ ባለቤቷ ጎረቤቶቿን ትጠራለች፣ ትርሲት የኤሌክትሪክ ምድጃዋንና ድስቶቿን ይዛ መጥታ ሰው ፊት ታበስላለች፤ የቀመሰ ይገዛል። ሠርቶ ማሳያ ይሉታል። አንድ ደንብ አለው፤ ድስቱና እሳቱ ከሻጯ፣ የሚበስለው ከቤቱ።

የመጀመሪያው ሠርቶ ማሳያ በማሚቴ ቤት ሆነ። እንግዳ ከአዲስ አበባ መጥቶ ማሚቴ የገበያ ሽሮ አታቀርብም፤ ቆርቆሮውን አወረደች። ጋሽ ጌጡ የተጠራው ወንበር እንዲሞላ ነው። ጥርሳቸው ከተሰናበታቸው ቢቆይም ሽሮ የተሠራበትን ቤት በጭጋግ ውስጥ እንኳ የማይስቱት አባባ ወልደየስ ሳይጠሩ መጥተው ጥግ ይዘዋል።

ድስቱማ ድስት አይደለም፤ ፀሐይ እጀታ አውጥታ ነው። ፊቷን ያየችበት ሴት ሁሉ ወደ ልጅነቷ ትመለሳለች፤ አንዷማ ራሷን አይታ፣ ይህች ቆንጆ ማናት ብላ ጠይቃለች። ትርሲት ክዳኑን እያነሳችና እየከደነች፣ ይህ ድስት ሙቀቱን አቅፎ እንደሚይዝ፣ የእህሉንም ጣዕም ከውስጡ ጠርቶ እንደሚያወጣ ታስረዳለች። ንግግሯ ወተት ነው። ሽሮው ፈላ፣ ቀረበ።

ጋሽ ጌጡ አንድ ጎረሰ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

የቤቱ ጫጫታ ሁሉ ራቀበት። አቧራውን ከራሱ ላይ እያራገፈ በራፉ ላይ የደረሰ መሰለው፤ እልፍነሽ ጣሳውን ይዛ እጁን ልታስታጥበው ጎንበስ ያለች መሰለው። ሁለተኛ ለመጉረስ ፈራ፤ እንዳይጠፋ።

«የሷ ነው» አለ፣ ለራሱ ያህል።

አጠገቡ የነበረችው ማሚቴ ሰማችው። ዓይኗ ውኃ ሞላ። «የሷ ነው እንጂ፤ የማን ሊሆን ኖሯል?» አለችው ቀስ ብላ።

በዚህች በ«የሷ» ነው ሁለቱ የተላለፉት። እሷ፣ ጋሽ ጌጡ የሚስቱን ሽሮ አወቀው ብላ ነው። እሱ ደግሞ፣ ማሚቴም ድስቱ የእልፍነሽን ጣዕም እንደሚያወጣ መሰከረችልኝ ብሎ ነው። ማሚቴ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳችም፤ በገበታ ላይ ሙት እየጠሩ ሰው ማስለቀስ ነውር ነው። ዝም አለች። ያ ዝምታ ነው ጉድ የሠራው።

ከማግስቱ ጀምሮ ጋሽ ጌጡ የድስቱ ሐዋርያ ሆነ። መናኸሪያ ወጥቶ ቆሎ ሻጮቹን ይሰብክ ጀመር፤ ይሄ ድስት ሙት ያስነሳል እያለ። ተሳፋሪዎች ድስት ነው ታቦት ብለው ከአውቶቡስ ይወርዱ ነበር። ሰው ሰበሰበ፣ ሠርቶ ማሳያው ተደገመ፤ እሱም ጎረሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እልፍነሽ መጣች። እንደገና ሰው ሰበሰበ። ትርሲት በሌላ ቤት እናድርገው ብትለው እንቢ አለ፤ ድስቱ እጁ የሚፈታው ማሚቴ ቤት ነው ብሎ። ልጅቷ ምን ቸገራት፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጠሪ አጋጥሟት አያውቅም። ማሚቴም ሚስቱን ናፍቆ ነው እያለች በመጣ ቁጥር ቆርቆሮውን ታወርዳለች። ቆርቆሮው ግን በመጣ ቁጥር እየቀለለ ሄደ።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ትርሲት ልትሄድ ሆነና ጋሽ ጌጡ የመጨረሻውን ሠርቶ ማሳያ ጠራ። የመጣውን ሰው ምን ልበላችሁ፤ ግማሹ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ግማሹ በመስኮት ተሰቅሎ፣ የቀረው ከጭጋጉ ውስጥ በድምፅ ብቻ ይሳተፍ ነበር። ትርሲት ትልቁን ድስት ጣደች። ማሚቴ ቆርቆሮውን ይዛ መጣች፤ ግማሹን ጨምራ ቀና አለችና ጋሽ ጌጡን አየችው። የቆርቆሮውን ቂጥ መታ መታ አድርጋ አሰማችው፤ ባዶ ሊሆን ነው፣ ትንሽ ላስቀርልህ ወይ ማለቷ ነው። በሰው ፊት ከዚህ በላይ ምን ትበል?

ጋሽ ጌጡ ሳቀ። «አራግፊው ማሚቴ፤ ድስቱ ሰፊ ነው» አለ።

አራገፈችው።

ተበላ። ሰው ለድስቱ አጨበጨበ፤ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበ እሱ ነው። አባባ ወልደየስ ብቻ ሳያጨበጭቡ ሳህናቸውን በጣታቸው ይጠርጉ ነበር። ጋሽ ጌጡ በዚያው ለፋሲካ ያሰባቸውን ሁለት ሙክቶች ነድቶ አመጣና ለአንድ አዲስ ድስት ዋጋ ለትርሲት ሰጠ። ሙክቶቹ እንዲህ የዋዛ አይደሉም፤ ከስባታቸው የተነሳ በበር ጎን ለጎን ማለፍ አቅቷቸው ወረፋ የሚይዙ ነበሩ። ምንም አልመሰለው። ከእንግዲህ ሰው መሰብሰብ፣ ወንበር መደርደር የለ፤ ባሰኘው ጊዜ በገዛ ቤቱ፣ ብቻውን ከእልፍነሽ ጋር ሊቀመጥ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጓዳ ገባ። ከአርባዋ ወዲህ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ከገበያ የገዛውን ሽሮ ትርሲት እንዳደረገችው አድርጎ ሠራ፤ ክዳኑንም እሷ እንደምታነሳው አነሳ። ጎረሰ።

ሽሮ ነው። የማንም ያልሆነ ሽሮ።

ምናልባት አልጋለም ይሆናል አለና ደግሞ ሠራ። ምናልባት አልለመደኝም ይሆናል አለና ድስቱን እንደ ሕፃን አጥቦ፣ አድርቆ፣ በስሙ ሊጠራው ምንም አልቀረውም፤ ደግሞ ሠራ። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቃት። አልመጣችም።

ድስቱን በጋቢው ስር ይዞ ማሚቴ ቤት ደረሰ። ትርሲት ዕቃዋን ሰብስባ አውቶቡስ ልትጠብቅ ተነስታለች፤ አባባ ወልደየስም ለስንብቱ አንድ ነገር አይጠፋም ብለው ከጥጋቸው አሉ።

«ልጄ፣ ቀይረሽብኛል» አላት። «በዚህ ቤት የሠራሽበት ሌላ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው። እሱን ስጪኝ።»

ትርሲት አንድ ዓይነት መሆናቸውን ማለች፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አሳየችው። አልሰማም። ሙክቶቼን ውሰጂ፣ ቤቴንም ጨምሪ፣ ያን ድስት ብቻ ተዪልኝ ይላታል። ድምፁ ሲሰበር ልጅቷ ደነገጠች። ምን ቀመሱ ጋሼ፣ ምን ጎደለው ብላ ስትጠይቀው፣ ያን ያህል ተራራ ያስጎነበሰው ግሬደር ነጂ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ተናገረ።

«እልፍነሽ ጎደለች» አለ። «በዚያኛው ድስት ስትሠሪ ትመጣ ነበር።»

ማሚቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ሄዳ ቆርቆሮውን አወረደችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ጌጡ» አለችው፣ «ድስቱ አይደለም እኮ። የሷ ሽሮ ነበር። አንተው የሰጠኸኝ፣ በእጇ ያሰናዳችው። የሷ ነው ስትል ያወቅኸው መስሎኝ ነው።»

ጋሽ ጌጡ የቆርቆሮውን ክዳን ከፈተ። ውስጡን አየ። እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ጠርዝ ጠርዙን በጣቱ ዳበሰ፤ ጣቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ተመለከተው። ምንም የለም። ማሚቴ ሰነፍ አይደለችም፤ አራግፊው ሲሏት በደንብ ታራግፋለች። እልፍነሽ ቅመሙን እንዴት እንደምታዋህደው ለሰው ነግራ ይሆን ብሎ ጠየቃት። ማሚቴ፣ እኛም ጠይቀናት ነበር፣ እጄን ጠይቁት ትለን ነበር ብላ መለሰችለት።

የመጨረሻ ተስፋው ወደ ትርሲት ዞረ። ትናንት የሠራሽበት ድስት፣ ከስሩ የያዘው፣ የተጣበቀ፣ ጥቂት ነገር አይኖርም ወይ አላት።

«ጋሼ፣ ይሄ ድስት ምንም አይዝም» አለችው፤ ሰው ፊት ስትለው የከረመችው ቃል ነውና አፏ ቀድሟት ነው። ወዲያው አንገቷን ደፋች። በሩ ላይ የታሰሩትን ሙክቶች ፈትታ ገመዳቸውን እጁ ላይ ልታስይዘው ብትሞክር፣ እጁ ቆርቆሮውን አልለቅ አለ።

ከመናኸሪያው ረዳቶቹ ደሴ፣ ደሴ ሲሉ ይሰማል። አባባ ወልደየስ ከጥጋቸው ተነስተው፣ በከዘራቸው ተደግፈው መጥተው ከጋሽ ጌጡ አጠገብ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩና እንዲህ አሉ፦ «አዬ ልጄ፤ ድስቱን ሲያሞግሱ፣ ሽሮው አለቀ።»