ጨው ያነሰው ማማ

አንድ ጊዜ፣ ጎረቤት መብላት በአንበሳ አዋጅ በተከለከለባት የእንስሳት ከተማ፣ ቀበሮ አንድ ትልቅ ማማ አቆመ። ረጃጅም ግንዶችን በጠፍር አስሮ ካናቱ ላይ የአጋዘን ቀንዶች ደረደረበት። ከወዲህ ኮረብታ የተናገሩት በቀንዶቹ ውስጥ ዞሮ ከወዲያ ኮረብታ ይሰማል። ከተማው በደስታ አበደ። ወንዝ ሳይሻገሩ አማትን መስደብ ተቻለ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ሥልጣኔ አለ?

አልጨፍርም ያለች አንዲት አህያ ብቻ ነበረች። ማማው የቆመው ከጎጆዋ ደጃፍ ላይ ነዋ! ማታ ማታ ውርንጭላዋን ከጎኗ አስተኝታ ሽቅብ ታይና፣ «አሁን ይህን ግዙፍ ምን ይዞት ነው የቆመው?» ትላለች። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ማማው ሲጥ ሲጥ ይላል።

ቀበሮን ብትጠይቀው ሳቀባት። «እመት አህያ፣ ከላይ እስከ ታች በበሬ ጠፍር የታሰረ ነው። አንቺ ጆሮሽ ስለረዘመ ነው ድምፁ የበዛብሽ።»

ጆሮ የተሰጠው ለመስማት መሆኑን ረስቶታል፣ ብልጥ ነኝ ባይ!

ብዙም ሳይቆይ ከወንዝ ማዶ ባለው ከተማ እንዲሁ ያለ ማማ ወድቆ የዶሮን ቤት ደፈጠጠው። ዶሮ ጥሬ ለመልቀም ወጥታ ስለነበር ለጥቂት ተረፈች። አንበሳ ወሬው ሲደርሰው፣ «በከተማዬ ያለ ትልቅ ማማ ሁሉ ይገምገም!» ሲል አወጀ። «ግን ማን ይገምግም?»

ቀበሮ ፈጠን አለ። «ጅብ ነዋ ጌታዬ! ገምጋሚ ማለት አይቶ የማይጠግብ ነው። ካልጠገቡ አይቀር ደግሞ እንደ ጅብ!»

በልቡ ግን፣ «ይህ ጅል አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አይቶ ‹ደህና ነው› ይላል፤ በቃ» ብሎ ነበር። ማማውን በምን እንዳሰረው ዘነጋው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ማለቱን ልጅ አዋቂው ሲተርት፣ ቀበሮ የት ነበር?

ጅብ ለግምገማው መጣ። ማማውን ዞረው፤ አሸተተው፤ ምራቁን ዋጠ። በማግስቱም ጎህ ሳይቀድ መጣ። ከዚያ ወዲያ የቀረበት ማለዳ የለም። አህያዋ ነገሩ ከነከናት። እንዲህ ሥራውን የሚወድ ሹም አይታም ሰምታም አታውቅ።

«አያ ጅቦ፣ እንዴት አገኘኸው?»

«ግሩም ነው! ትንሽ ጨው ያንሰዋል እንጂ።»

«ማማው?»

«ማማው።»

«በሞቴ አያ ጅቦ፣ ማማ ጨው ምን ያደርግለታል?»

«አንቺ ሣርሽን ጋጪ! ስለ ግምገማ ምን ታውቂያለሽ?» አላት፣ አፉን እየላሰ።

እሷ ግን ጠይቃ ካልጨረሰች እንቅልፍ አይወስዳትም። «ተቆጣህ እንዴ? እኔ እንዲያው ልወቅ ብዬ ነው። የላዩ ይሻላል የታቹ?»

ጅብ የሚጠይቀው በማግኘቱ ኮራ። «የላዩ የበሬ ነው፤ ጥርስ ይፈትናል። የታቹ የፍየል ነው፤ ሳያኝኩት ይወርዳል። ምን ዋጋ አለው፣ እሱ እኮ ሊያልቅ ነው።»

የአህያዋ ጆሮ ቀጥ አለ። ታቹ ሊያልቅ! ከታቹ ደግሞ እሷና ውርንጭላዋ! ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች ከጎጆው አወጣችና በሩጫ ወደ አንበሳ ገሰገሰች።

አንበሳ ቀበሮንና ጅብን አስጠርቶ ከማማው ፊት ለፊት፣ ራቅ ብሎ ቆመ። «ገምጋሚ፣ ውጤቱን ተናገር!»

«ጤነኛ ነው ጌታዬ» አለ ጅብ።

«አልኩ እኮ!» አለ ቀበሮ።

አህያዋ ትንሽ አሰበችና፣ «እንዲያ ከሆነ ጥሩ። እንግዲያው አያ ቀበሮ፣ ዛሬ አንተ በእኔ ጎጆ ዋል፤ እኔ በአንተ ጉድጓድ ልዋል» አለች።

ቀበሮ ጭራው ደነገጠ። «እኔ... የአህያ ቤት ሽታ ራሴን ያዞረኛል።»

«እኔ እገባለሁ!» አለ ጅብ። «ከበሩ አጠገብ አንዲት ቁራጭ ትቻለሁ።»

ተው ሳይሉት ሮጦ የቀረችውን ጠፍር በጥርሱ ይዞ ጎተተ። ማማው ሲጥ አለ፣ ተንገዳገደ፣ ከነቀንዶቹ መጥቶ ባዶው ጎጆ ላይ ተዘረረ። ጅብ ከአቧራው ውስጥ የፍየል ጠፍሩን እንደነከሰ፣ የኋላ እግሩን እየጎተተ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳል።

«ቀበሮ» አለ አንበሳ፣ «ለአህያዋ ጠፍሩ የበሬ ነው ብለሃት አልነበረም?»

«ጅብ በላው ጌታዬ! ጥፋቱ የጅብ ነው!»

«ጅብን ማን መረጠው?»



አንበሳም ፈረደ። ቀበሮ የአህያዋን ጎጆ አሳምሮ ይሥራ፤ ማማውንም ከመኖሪያ ራቅ አድርጎ፣ በበሬ ጠፍር አስሮ እንደገና ያቁም።

«እሺ ጌታዬ» አለ ቀበሮ፣ አንገቱን እንደደፋ። «ማን ይገምግመው ታዲያ?»

አንበሳ ወደ አህያዋ ዞረ። እሷም ውርንጭላዋን ላስ አድርጋ፣ «ምን ችግር አለው? ክረምቱን ሙሉ አያ ቀበሮ ከሥሩ ይተኛ፤ ሲጥ ሲጥ ካለ ይንገረን» አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ የማማን ጥንካሬ ማወቅ የፈለገ ሁሉ የሠራውንና የገመገመውን ከማመኑ በፊት፣ «ከሥሩ ትተኛለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ነው።