ሃያ ሰባት ጊዜ የቆመው የቲማቲም መኪና

አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ይመስለኛል፣ አቶ ወንድይፍራው አዳማ ያለው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ በር የሚያክል ቴሌቪዥን ሰቀሉ። ኳስ ሊያዩ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ስድስት የጭነት መኪና አላቸው፤ በስድስቱም ላይ ጂፒኤስ የሚሉትን ነገር አስገጥመዋል። የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ሲም ካርድ አለ፤ መኪናው የት እንዳለ በየሰከንዱ በኔትወርክ ትልካለች። መኪናው ሲሄድ ቴሌቪዥኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ትሄዳለች። ሲቆም ነጥቧ ቀይ ትሆንና ጢው! ጢው! ጢው! ትላለች። ዕቃውን የሸጠላቸው ሰው «ከእንግዲህ ጋሼ፣ ሻይዎን እየጠጡ ዝም ብሎ ማየት ነው» አላቸው። ሻዩን ጠጡ። ዝም ማለቱን ግን አልቻሉበትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሾፌሮቹ ኑሮ ኑሮ መሆኑ ቀረ። አቶ ወንድይፍራው ቴሌቪዥኑን ቀና ብለው ያያሉ፤ ነጥቧ ደብረ ብርሃን ላይ ናት። ስልካቸውን ያነሳሉ።

«የት ደረስክ?»

«ደብረ ብርሃን ነኝ ጋሼ።»

«አውቃለሁ! እያየሁህ እኮ ነው!»

እያዩ ታዲያ ለምን ይጠይቃሉ? ይህን ደፍሮ የሚጠይቃቸው ሾፌር ገና አልተቀጠረም። እሳቸው ግን በዚህ አያበቁም፤ ወደ ምክር ይገባሉ። «ቀኝህን ያዝ። ከፊትህ ኩርባ አለ። ከኩርባው በኋላ ደግሞ ሌላ ኩርባ አለ።» ይህን ሁሉ የሚሉት ለማን ነው? በዚያ መንገድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለነዳው ለሽመክት ነው! ሽመክት ኩርባዎቹን ከገዛ ልጆቹ ዕድሜ ይበልጥ አጥርቶ ያውቃቸዋል። ግን ምን ያድርግ፣ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እያለ ያዳምጣል። ስልካቸው ሁለት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳ ሦስተኛው የስንብት ደብዳቤ እንደሆነ ስድስቱም ሾፌሮች ያውቃሉ። ምክሩ ደግሞ አጭር እንዳይመስላችሁ፤ አሥር ደቂቃ ከሆነ ሰውየው ያን ቀን ጉሮሯቸውን ታመዋል ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ነገሩ የመጣው። ደሴ ላይ የታወቁ የአትክልት ነጋዴ አሉ፤ እትዬ መዲና ይባላሉ። ከመቂ ቲማቲም ያስጭናሉ፤ በሽመክት መኪና ካልሆነ ደግሞ አይሆንላቸውም። ያን ሳምንት ሽመክት ሊነጋጋ ሲል መቂ ላይ ጭኖ ወጣ፤ አመሻሹ ላይ ቸርቻሪዎቹ ሳይበተኑ ደሴ መግባት ነበረበት። የደረሰው አራት ሰዓት ዘግይቶ ነው። አትክልት የሚራገፍበት በረንዳ ላይ ድመት እንኳ አልቀረም። ያ ቀይ ቲማቲም ከነሳጥኑ ሸራ ሥር ታፍኖ አድሮ፣ ጠዋት ሲከፈት ግማሹ ድልህ ሆኗል።

እትዬ መዲና ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። በሦስተኛው ቀን አዳማ ድረስ መጡና በፌስታል የያዙትን የቲማቲም ጭማቂ አቶ ወንድይፍራው ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረጉት።

«ይኸው ቲማቲሜ! ወይ ያበላሸውን ሰው ያሳዩኝ፣ ወይ ካሁን በኋላ ጭነቴን ለሌላ እሰጣለሁ» አሉ።

«ኧረ ምን ችግር አለ እትዬ መዲና!» አሉ አቶ ወንድይፍራው፤ ይህን ቀን ሲጠብቁት የኖሩ ነው የሚመስሉት። «የማሳየት ሥራ እኮ የኔ ነው።»

ሽመክት ተጠራ። ገና ከመግባቱ «ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አድርግ» አሉት። ቁልፉን አስቀመጠ። መባረሩ አይደለም እሱን ያስፈራው። አቶ ወንድይፍራው ሲያባርሩ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ደብዳቤውን ደግሞ ለሁሉም የጭነት መኪና ማኅበር ይበትናሉ። «በየመንገዱ የሚተኛ» ተብሎ የተጻፈበት ሾፌር እንኳን አይሱዙ፣ ጋሪ የሚሰጠው አያገኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሳጥን አጉድሎ የማያውቅ ሰው በአንድ ወረቀት ሊያልቅለት ነው።

አቶ ወንድይፍራው ከቴሌቪዥኑ ሥር ቆመው ወረቀት ዘረጉ። ወረቀቱ ተጣጥፎ፣ ተጣጥፎ፣ ሲዘረጋ ወለሉን ነካ።

«እኔ በወሬ አልሠራም እትዬ መዲና። በቴክኖሎጂ ነው የምሠራው። ሰው ይዋሻል፤ ማሽን አይዋሽም። ይመልከቱ! ይህ ሰው ከመቂ ደሴ ሃያ ሰባት ጊዜ ቆሟል!»

«ሃያ ሰባት!» እትዬ መዲና ወደ ሽመክት ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ ሰርግ እየጠራህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…» ሲል አቶ ወንድይፍራው እጃቸውን አነሱ።

«አንተ ዝም በል! ማሽኑ ተናግሯል። አራቱ ኬላ ነው፤ እሺ። አንዱ ምሳ ነው፤ ሰው ነህ፣ ብላ። ሃያ ሁለቱስ? ሃያ ሁለቱን የት ቆምክ? በየዛፉ ጥላ ሥር ስትተኛ ነበር!»

«አልተኛሁም ጋሼ።»

«ከደብረ ብርሃን ወዲያ ቁልቁለቱ ላይማ ጭራሽ ጠፋህ! ሙሉ አርባ ደቂቃ ነጥብህ አትታይም። የት ነው የተደበቅኸው?»

«ኔትወርክ የለም እዚያ። መንገዴ ላይ ነበርኩ ጋሼ።»

«መንገዴ ላይ ነበርኩ ይላል እንዴ!» አሉና ለእትዬ መዲና ጠቀሷቸው፤ ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዙ ያህል ደስ ብሏቸዋል።

እትዬ መዲና ግን ሽመክትን አሥር ዓመት ያውቁታል፤ ክሱ ሊዋጥላቸው አልቻለም። ነገሩን ለማብረድ ብለው «ምናልባት እየነዳ ስልክ ሲያወራ ልቡ ተሰርቆ፣ መንገዱ ረዝሞበት ይሆናላ» አሉ።

ይህን ሲሰሙ አቶ ወንድይፍራው እንደተሰደቡ ሆኑ።

«እየነዳ ስልክ? በኔ መኪና? ኧረ እትዬ መዲና! እዚህ ቤት እየነዳ ስልክ ያነሳ፣ ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ቁልፉን ያስረክባል። ባለፈው ወር አንዱን አባርሬያለሁ! የኔ ሾፌር ስልክ የሚያነሳው መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ፍሬን ይዞ፣ ሞተር አጥፍቶ ነው። ይጠይቁት!»

«እውነታቸውን ነው እትዬ» አለ ሽመክት። ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «እንዲያውም ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጉደታ አሁን የት ነው?»

ጉደታ ሌላው ሾፌራቸው ነው። አቶ ወንድይፍራው ቴሌቪዥኑን ያሳዩ ከተባሉ ደግሞ ምሳቸውንም ይረሳሉ። እጃቸውን ወደ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ዘረጉ።

«ይኸውልህ! ዱከምን አልፎ ወደ ሞጆ እየመጣ ነው። እትዬ መዲና፣ ይህችን ነጥብ ይዩልኝ፣ እንዴት እንደምትሄድ! ይህ ሰው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። ሾፌር ማለት እንዲህ ነው! አየህ አንተ? አንድ ጊዜ እንኳ!»

«አየሁ ጋሼ። ታዲያ ጎበዝ አይሉትም? አሁን፣ እዚሁ እያየን ይደውሉለትና ያመስግኑት። እኔም ልማርበት።»

«ትማራለህ!» አሉ አቶ ወንድይፍራው። ስልካቸውን አወጡ፤ እትዬ መዲና እንዲሰሙላቸው ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሦስቱም ዓይናቸውን ነጥቧ ላይ ተከሉ።

ስልኩ አንድ ጊዜ ጠራ። አረንጓዴዋ ነጥብ እየሄደች ነው። ሁለተኛ ሲጠራ ነጥቧ ቀስ አለች፣ ወደ መንገዱ ዳር ፈቀቅ አለች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀይ ሆነች።

ጢው! ጢው! ጢው!

አቶ ወንድይፍራው ምስጋናውን ረሱት። ለምደውት የለ፣ ቀዩን እንዳዩ ደማቸው ፈላ።

«አንተ ጉደታ! ለምንድን ነው የቆምከው?»

«ኧረ ጋሼ!» አለ ጉደታ ከስልኩ ውስጥ። «ደወሉልኝ እኮ!»

አቶ ወንድይፍራው ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ እንደገና ቴሌቪዥኑን አዩ። ማሽኑ እንደማይዋሽ ቅድም የተናገሩት ራሳቸው ናቸውና አሁን ይዋሻል ማለትም አይመችም። እትዬ መዲና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ሽመክት ድምፁን አላነሳም። ያን ወለል የነካ ወረቀት ሰብስቦ፣ አጣጥፎ፣ በአክብሮት ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ወደ ሴትየዋ ዞረ።

«እትዬ መዲና፣ አራቱ ኬላ መንገድ ላይ ነው ያለው። ሃያ ሁለቱ ኬላ ግን ይኸው፣ ከፊትዎ ቆሞልዎታል። ጉደታም ከጠዋት ጀምሮ ያልቆመው ጋሼ እኔን ሲከሱ ስለዋሉ ነው።»

«ጋሼ» አለ ጉደታ ከስልኩ ውስጥ፤ መስመሩ ላይ እንዳለ ሁሉም ረስተውታል። «ከኋላዬ ትራፊክ ፖሊስ እየመጣ ነው፤ ልሂድ ወይስ የሚቀር ምክር አለ?»

እትዬ መዲና ሳቃቸውን ጨርሰው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ነገ ከመቂ ጭነት አለኝ አቶ ወንድይፍራው» አሉ። «ቁልፉን ለሱ ይስጡት። ስልኩን ለኔ።»