ጭነት ሳይዝ የመጣው በሬ

አንድ ሰው ነበረ፤ አንድ በሬም ነበረው። አዎ ይመር፣ «ልጄ ዘሀራ ከዐረብ አገር ተባርራ ከመጣች ወዲህ ምን ነካት?» ብለህ ጠየቅኸኝ፤ እኔ ደግሞ ስለ በሬ ልነግርህ ነው። እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ሰውዬው ገበሬ ነው። በሬውን ከጥጃነቱ ያሳደገው፣ ለእርሻም የገራው ራሱ ነው። አንድ ክፉ ዘመን መጣና ጎተራው ባዶ ሲሆንበት በሬውን ቆላ ላለ ሰው በእህል አከራየው። ከዚያ በኋላ በየመከሩ ከቆላ እህል እየተጫነ ይመጣለት ጀመር። ቤቱ ጠገበ። ልጁን ዳረ፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ አለበሰ። በየሰርጉ ቤት «የኔ በሬ እኮ!» እያለ ያወራ ነበር። በሬው ምን ይበላል፣ የት ያድራል ብሎ ግን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ኋላ የቆላው ሹም «የሰው አገር ከብት ከመሬቴ ይውጣ» አለና እንግዳውን ከብት ሁሉ በዱላ አስነድቶ አባረረ። በሬው አጥንቱ ወጥቶ፣ እያነከሰ ከደጅ ደረሰ። ገበሬው ወጥቶ አየው። ከዚያ አንገቱን አስግጎ ከበሬው ኋላ ያለውን መንገድ ያይ ጀመር። እህል የጫኑ አህዮች ይከተላሉ ብሎ ነው! ምንም የለም።

«ባዶህን ነው የመጣኸው?» አለው። ለከብት እንዲህ ይባላል? እሱ ግን አለ።

በነጋታው ከወይፈን ጋር ጠመደው። በሬ ቀኝና ግራ እንዳለው አንተም እኔም እናውቃለን። በቀኝ መሳብ የለመደውን በግራ ብትጠምደው ይቆምብሃል። ይህ በሬ እዚህ ሳለ የግራ በሬ ነበር፤ ቆላ ግን ያን ሁሉ ዓመት በቀኝ ሲያርሱበት ኖረዋል። ገበሬው ይህን አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቅ? የገዛ በሬው አይደል፣ ያውቀዋላ! እንደ ድሮው በግራ ጠመደው። በሬው ቆመ። ጅራፍ አነሳበት። በሬው ተንበረከከ። ጎረቤት ከማሳው ዳር ቆሞ ይስቃል። «ለሰው ሲያርስ ኖሮ ለኔ ሲሆን ይለግማል!» አለ ገበሬው። ያናድዳል፣ አልዋሽህም።

ተበሳጭቶ ፈታው። ወይፈኑ ገና ቀንበሩ ሥር ነው። በሬው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ወይፈኑን ዞሮ በቀኙ በኩል ቆመና አንገቱን ዝቅ አደረገ። ከዚህ በላይ ምን ይበል? አፍ የለው! ገበሬው ግን «ደግሞ ይቀልድብኛል» አለና በድንጋይ መትቶ ከማሳው አባረረው።

በሳምንቱ ለበዓል ቅርጫ የሚያርዱ ሰዎች መጡ። ሻኛውን ዳበሱ፣ ጎኑን ነካኩ፣ ተስማሙ። ሥጋውን ሲካፈሉም አጥንት በዛበት ብለው አጉረመረሙ። ያን ክረምት ገበሬው በሬ ፍለጋ የሰው ደጅ ሲጠና ከረመ፤ ወይፈን ብቻውን አያርስ። በየሄደበትም «በሬዬ ቆላ ሄዶ ተበላሸ» ይል ነበር።

ያ ገበሬ አንተ ነህ፣ ይመር። አትቆጣ፤ ዘሀራ ከመኪና የወረደች ቀን ከኋላዋ ሻንጣ ስትፈልግ ሰፈሩ ሁሉ አይቶሃል። ልጅቷ ያን ሁሉ ዓመት ከአልጋ የማትነሳ አሮጊት ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ስትሰጥ ኖራለች። «ጤና ጣቢያ ሄጄ ሥራ ልጠይቅ» ስትልህ ምን አልካት? «አርፈሽ ኩበትሽን ጠፍጥፊ!» እንደ ድሮዋ ካልጠፈጠፈች፣ እንደ ድሮዋ ካልሳቀች ምን ነካት ትላለህ። ትናንት ደግሞ ሰው ወደ ዐረብ አገር የሚልከው ደላላ ደጅህ ተቀምጦ አየሁት። ልጅቷን መልሶ ሊልክልህ ነው፤ ሻኛ ሊዳብስ ነው የመጣው።

እኔን የሚያቃጥለኝ ምኑ መሰለህ? ከቤትህ ወጥተህ እኔን ለመጠየቅ መምጣትህ። በሬው አፍ አልነበረውም። ልጅህ ግን አፍ አላት፤ እቤትህ ተቀምጣለች። ደላላውን ከደጅህ አስነሣና ሂድ፣ እሷን ጠይቃት።