መኪናዋ ያለ ወንበሯ አልሄድም አለች

ቁጭ በሉማ። የምነግራችሁ ስለ መቀመጫ ነውና ቆሞ መስማት አይሆንም።

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ አንዲት ሰማያዊ ፔጆ ነበረች። ከቆመች አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ጌታዋ አቶ ላቀው ከሞቱ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ጎማዋ ተንፍሶ፣ ኮፈኗ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ፣ በግቢው ጥግ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ትኖር ነበር። ሽጡልኝ ብሎ የመጣ ቆራሌ ሁሉ የወይዘሮ ተናኘን ቁጣ ቀምሶ ነው የሚመለሰው።

ወይዘሮ ተናኘ የአቶ ላቀው ሚስት ናቸው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሴት ልጃቸው ለዘመን መለወጫ መጥታ አዲስ አበባ ልትወስዳቸው ቆርጣለች። ጠቅልለው መሄዳቸው ነው። እሳቸውም እሺ ብለዋል፤ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ፈለጉ። ከመሄዳቸው በፊት በላቀው መኪና ሐይቅ ከተማ ድረስ ሄደው፣ እንደ ድሮው ውሃውን አንድ ጊዜ ማየት።

ታላቁ ልጃቸው ይርጋ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። መኪና የሚሄድበትን አገር ሁሉ ይነግራችኋል፤ መኪና እንዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም ነበር። ቢሆንም ለእናቱ ሲል ኅዳር ላይ ኮፈኑን ከፈተ። የዛገውን ብሎን በናፍታ ዘፈዘፈ፣ ካንዴላውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ ካርቡራተሩን ፈታትቶ በእናቱ ሰፌድ ላይ ዘረጋና ቤቱ ገብስ የሚነፋበት አጣ። ሞተሩን ሁለት ጊዜ ፈቶ ሁለት ጊዜ ገጠመ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ አንድ ብሎን ተረፈው። ነሐሴ ላይ ግን መኪናዋ ሦስት ጊዜ አስላ ተነሳች። ይርጋ በዘይት የጠቆረ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ልጅ ሆኖ ይህን ድምፅ ከቁልቁለቱ ሲሰማ ነበር ለአባቱ በር ሊከፍት የሚሮጠው።

ወይዘሮ ተናኘ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ወደ ውስጥ አጎነበሱ። ከሹፌሩ ጎን ወንበር የለም፤ አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ አለ።

“ወንበሬስ?” አሉ።

ይርጋ ከኋላ እንዲቀመጡ ለመናቸው። ከኋላ የሚቀመጠው እንግዳ ነው፣ የእኔ ቦታ ከላቀው ጎን ነው አሉ። በርጩማ ላስገባልዎት ቢል፣ መኪና ውስጥ በበርጩማ፣ ምን ሆኜ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እናም መኪናዋ ያለ ወንበሯ አልሄድም አለች፤ ወይዘሮ ተናኘም ውሃውን አላዩም።

ወንበሩ የት እንዳለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጸጉር አስተካካዩ ሰይድ ሥራ ሲጀምር ከመቀስና ከመስተዋት በቀር ምንም አልነበረውም። አቶ ላቀው ደግሞ እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩና፣ ከቆመችው መኪና ወንበሩን ፈተው እስክፈልገው ተገልገልበት ብለው ሰጡት። ይኸው እስከ ዛሬ ተራ ጠባቂ ይቀመጥበታል። ይርጋ ሄዶ ሲጠይቀው ሰይድ አልከፋውም። የእናንተ ነው ውሰደው አለ፤ ግን ተራ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ አይጠብቅልኝም፣ ማዶ ወዳለው ጸጉር ቤት ይሻገርብኛል፣ በግድግዳዬ ልክ አንድ አግዳሚ አሠራልኝ አለ። እናም ወንበሩ ከጸጉር ቤት አልወጣም አለ፤ መኪናዋ ያለ ወንበሯ አልሄድም አለች፤ ወይዘሮ ተናኘም ውሃውን አላዩም።

ይርጋ ወደ አናጢው ወደ እሸቱ ወረደ። እሸቱ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ልኩን ጻፈ፤ ከዚያ መልሶ ጆሮው ላይ ሰካው። በዚህ ክረምት ያለው እንጨት ሁሉ እርጥብ ነው፣ ዛሬ ብሠራው ነገ ይጣመማል አለ። አንድ ደረቅ የዋንዛ ሳንቃ ነበረችው፤ እሷንም ሰኔ ላይ ለባለ ወፍጮው ለሐጂ ይማም አውሷል። እናም አግዳሚው ያለ ደረቅ ሳንቃ አልሆንም አለ፤ ወንበሩ ከጸጉር ቤት አልወጣም አለ፤ መኪናዋ ያለ ወንበሯ አልሄድም አለች፤ ወይዘሮ ተናኘም ውሃውን አላዩም።

ወፍጮ ቤት ደግሞ ሐጂ ይማም ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው ተቀበሉት። ሳንቃዋ አለች፤ ግን የሰው እህል የሞላ ጆንያ ተሸክማለች። ወለሉ ረጥቧል፣ ሳንቃውን ባወጣ እህሉ ይሻግትብኛል፣ ጆንያውን የማሳርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጣልኝና ሳንቃህን ውሰድ አሉት። ከጦሳ ሥር ተቀምጦ ድንጋይ ጠፋ ሲባል የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ። ተራራው የሚሰጠው ድቡልቡሉን ነው፤ ሐጂ ይማም የፈለጉት የተጠረበውን ነው። እናም ሳንቃው ከጆንያው ሥር አልወጣም አለ፤ አግዳሚው ያለ ደረቅ ሳንቃ አልሆንም አለ፤ ወንበሩ ከጸጉር ቤት አልወጣም አለ፤ መኪናዋ ያለ ወንበሯ አልሄድም አለች፤ ወይዘሮ ተናኘም ውሃውን አላዩም።

በሰፈሩ የተጠረበ ድንጋይ ያለው በአንድ ደጅ ብቻ ነው፣ በእትዬ ከድጃ ደጅ። ሟች ባላቸው ግንበኛ ነበሩ፤ ስድስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከበራቸው ጎን ደርድረው ትተውላቸዋል። እትዬ ከድጃ እዚያ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፣ ፀሐይ ስትገኝ ይሞቃሉ። ድሮ ከወይዘሮ ተናኘ ጋር አንድ ነፍስ ነበሩ። አሁን ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ብቻ ነው ሰላም የሚባባሉት። ይርጋ ምክንያቱን አያውቅም ነበር። ድንጋዩን ሲጠይቃቸው ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ።

“እዚህ ድንጋይ ላይ ነው የጠበቅኋችሁ፤” አሉት። “አባትህ ሐይቅ አብረሽን ትሄጃለሽ ብሎኝ፣ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ ለመንገድ ያልሁትን ቆሎ ይዤ። መኪናችሁ በላይኛው መንገድ ስታልፍ ድምፅዋን ሰማሁት። ትመለሳለች ብዬ እስከ ዙሁር ሶላት ተቀምጬ ነበር።”

ይርጋ መኪናዋን አሁኑኑ አመጣታለሁ አላቸው።

“ባዶዋን ምን ላደርጋት? ተናኘ ውስጧ ሆና ትምጣ። ያኔ ድንጋዩን ውሰድ።”

ይርጋ ዳገቱን እየወጣ ነገሩን በጣቱ ቆጠረ። እትዬ ከድጃ ተናኘ በመኪናዋ ካልመጣች አሉ፤ ድንጋዩ ከደጅ አልነሳም አለ፤ ሳንቃው ከጆንያው ሥር አልወጣም አለ፤ አግዳሚው ያለ ደረቅ ሳንቃ አልሆንም አለ፤ ወንበሩ ከጸጉር ቤት አልወጣም አለ፤ መኪናዋ ያለ ወንበሯ አልሄድም አለች፤ መኪናዋ ካልሄደች ደግሞ እትዬ ከድጃ ካልመጣች አሉ። አንድ ጊዜ ዞረው፣ ሁለት ጊዜ ዞረው፣ በመጨረሻ ራሱ ዞረበት። ዘመን መለወጫ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ቤት ገብቶ ለእናቱ ሁሉንም ከወንበሩ እስከ ድንጋዩ ነገራቸው። ሰይድ ጋ ሲደርስ ሳቁ፤ ሐጂ ይማም ጋ ሲደርስም ሳቁ። እትዬ ከድጃ ጋ ሲደርስ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልሉ ጀመር። ቀሚሱንና ቆሎውን ሲነግራቸው እጃቸው ቆመ።

“እኔ ነኝ፤” አሉ። “ላቀው በእሷ ደጅ እንለፍ ብሎ ነበር። ትዘገይብናለች፣ እንሂድ ያልሁት እኔ ነኝ። እሱ ጥፋቱን በራሱ አድርጎ ይቅርታ ሲጠይቃት ዝም አልሁ። ቂም ይዤ መስሏት ይሆናል፤ አፍሬ ነው የቀረሁት።”

ይርጋ እናቱን እንዲህ ሆነው አይቷቸው አያውቅም። እጃቸውን ሊይዝ ሲል ተነሡ።

“በርጩማዬን አምጣ፤” አሉት።

በርጩማው በአራቱ ቀዳዳ መካከል ተቀመጠ፤ ወይዘሮ ተናኘም በርጩማው ላይ። ባትሪው ደክሞ ነበርና ሰይድና እሸቱ ከኋላ ገፉ። ሐጂ ይማም ዱቄታቸውን ሳያራግፉ ወጥተው እዚህ ጋ ግፉ፣ እዚያ ጋ ያዙ እያሉ አዘዙ። መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ አስላ ተነሳች። ወይዘሮ ተናኘ በሁለት እጃቸው ከፊት ያለውን ብረት ጨብጠው፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከበርጩማው እየተነሡ እየወረዱ፣ እትዬ ከድጃ ደጅ ደረሱ።

እትዬ ከድጃ ከድንጋዩ አልተነሡም። ወይዘሮ ተናኘ በይርጋ ክንድ ተደግፈው ወረዱና ከጎናቸው ተቀመጡ።

“ከድጃ፣ ያን ቀን የተወሽ ላቀው አይደለም። እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ፤” አሉ እትዬ ከድጃ። “ላቀው መዋሸት መቼ ይችል ነበር? እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት።”

ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው አለቀሱ። ይርጋ ሞተሩን አጠፋ፤ ሌሎቹም ራቅ ብለው ቆሙ።

ከዚያ እትዬ ከድጃ ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ድንጋዩ ከደጅ ተነሳ፤ ድንጋዩ ሲነሳ ሳንቃው ከጆንያው ሥር ወጣ፤ ሳንቃው ሲወጣ አግዳሚው ሆነ፤ አግዳሚው ሲሆን ወንበሩ ከጸጉር ቤት ወጣ፤ ወንበሩ ሲወጣ መኪናዋ እሄዳለሁ አለች። ነሐሴ ሙሉ እምቢ ያለው ሁሉ በአራት ቀን እሺ አለ። ይርጋ አራቱን ብሎን አጠበቀ፤ አንድም አልተረፈው።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ጧት ለመሄድ ተሰናዱ። ወይዘሮ ተናኘ የፊቱን በር ራሳቸው ከፈቱና ለእትዬ ከድጃ ግቢ አሉ። እትዬ ከድጃ ያንቺ ቦታ ነው ብለው አመነቱ። ወይዘሮ ተናኘ የኋላውን በር ከፍተው እንደ እንግዳ ከኋላ ተቀመጡ። በዕድሜያቸው ሙሉ በዚያች መኪና ከኋላ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

መኪናዋ ከተማውን ወጣች። እትዬ ከድጃ ስለ መንገዱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ አዲሶቹ ቤቶች ያወራሉ። ከኋላ ግን ድምፅ የለም። ይርጋ እናቱ ወንበራቸውን ሰጥተው የቆጫቸው መሰለው። እንዴት ነዎት ብሎ ሊጠይቃቸው ሲዞር ትከሻውን በእጃቸው መለሱት።

“እንዳትዞር፤” አሉት። “ለካ ከኋላ አይቼህ አላውቅም። ማጅራትህ የላቀው ነው። ዝም ብለህ ንዳ።”

ይርጋ አልዞረም። ውሃው ዳር እስኪደርሱ ድረስ ፊት ለፊቱን እያየ ነዳ።