አዛዡና ውኃ ለኪው

«አንድ የጦር መርከብ አዛዥ ነበረ» አሉ የኔታ ዘርዓ ዳዊት፣ በረጅሙ ተንፍሰው። የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የዛሬው የወረዳ ሹም፣ «ሰዎቼ ለምን እውነቱን በጊዜ አይነግሩኝም?» ብሎ ሲጠይቃቸው ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለት ጊዜ መክረውት ነበር፤ ምክሩ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

ይህ አዛዥ ገራገር እንዳይመስልህ። ቁጡ ነበር፤ እሱ ሲቆጣ መርከበኛው ሁሉ መግቢያ ይጠፋዋል። አንድ ጊዜ ዓሣ አጥማጆችን ማርከው የሚሸሹ የባሕር ወንበዴዎችን ሦስት ቀን ሙሉ አሳደደ። ሊደርስባቸው ጥቂት ሲቀረው፣ ከመርከቢቱ ፊት ቆሞ በየክንዱ ቋጠሮ ያለው ገመድ ወደ ባሕሩ እየጣለ ጥልቀቱን የሚለካው ሰው «ስምንት ክንድ! አቁሙ!» ብሎ ጮኸ። መርከቢቱ ደግሞ ከዐሥር ክንድ ባነሰ ውኃ አትሄድም። አዛዡ ሸራው እንዲወርድ አዘዘ።

ገመዱ እንደገና ሲጣል ሠላሳ ክንድ ሆነ። ሰውየው ማዕበሉ ሲያናውጠው ቋጠሮውን አሳስቶ ቆጥሮ ኖሯል። ሸራው እስኪሰቀል ወንበዴዎቹ ከዓይን ተሰወሩ።

መኮንኖቹ «አርባ ጅራፍ ይገባዋል!» አሉ። አዛዡማ ከእነሱ የባሰ ነዶታል። እጁ የገባ ድል አመለጠው፤ ንጉሡ ምን ይሉታል? ምርኮኞቹስ? ቆቡን አውልቆ ወለሉ ላይ ወረወረና ወደ ለኪው ሄደ። ለኪውም ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ሰጠ።

«በዚህ ሰው እንዴት እንደ ተቃጠልሁ ፈጣሪ ይወቅልኝ!» አለ አዛዡ። «ግን ዛሬ ብገርፈው፣ ነገ ሲጠራጠር ‹ዝም አይነቅዝም› ብሎ ቁጭ ይላል። ዝም የሚል ለኪ ምን ይሠራልኛል? ዐሥረኛው ቋጠሮ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩለት። አንተም ሸሚዝህን ልበስና ወደ ቦታህ ተመለስ። ከተጠራጠርህ ጩህ!»

በማግስቱ ጉም ወረደ። መርከቢቱ በደሴቶች መካከል ስትከንፍ ሰውየው ገመዱን ጣለ፤ ቀይ ጨርቁ ከውኃው በላይ ቀረ። ወደ ኋላው ሳይገላመጥ «አቁሙ!» አለ፤ ድምፁ ከትናንቱ ቢበልጥ እንጂ አላነሰም። መርከቢቱ ስትቆም ዓለቱ ዐሥር ርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር። ሦስት መቶ ሰው ተረፈ። ወንበዴዎቹንማ ከሁለት ቀን በኋላ ያዟቸው፤ ዓሣ አጥማጆቹም ተፈቱ።

የኔታ ወደ ሹሙ ዞሩ። «አንተም እንደዚያ አዛዥ ነህ ብል ደስ ባለኝ! አምና ወንዙ ሊሞላ ነው ብሎ መንደሩን ያስነሣውን ዘበኛ፣ ወንዙ ሳይሞላ ስለቀረ በገበያ መካከል አስገረፍኸው። ዘንድሮ ያው ሰው ወንዙ ሲያብጥ አየና ‹ሆድ ይፍጀው› ብሎ ዝም አለ፤ የድኻው እህል ከነጎተራው ተወሰደ። ይኸው ደግሞ መጥተህ ‹ለምን አይነግሩኝም› ትለኛለህ። ሦስት ጊዜ! አዛዡም እንዳንተ ተናዶ ነበር፤ ንዴቱን ግን ውጦ የሰውየውን ድምፅ አተረፈ። አንተ ንዴትህን ተወጣህ፣ ድምፁን ገደልኸው። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ተነሥ፣ ሂድ። በገረፍህበት ገበያ ቁመህ ይቅርታ ለምነው። እምቢ ካለህ ወንዙን ራስህ ትጠብቃለህ።»