በወዳጆቹ ተከቦ ተራው ያለፈበት ሰው

አንድ ሰው ነበር፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ። ማለዳ ተነስቶ፣ ደረቱን በእጁ ደግፎ ጤና ጣቢያ ሄደና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ጀመር።

ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት በቴሌቪዥን ድራማ የሠራ ተዋናይ ነው። መሪ ተዋናይ ሆኖ አያውቅም። በር ላይ ቆሞ ገቢ ወጪውን የሚቆጣውን ዘበኛ፣ ጋሽ ግንፍሉን፣ ሆኖ የሚጫወት ነው። ብቅ ሲል ግን አገር ይስቃል።

አንዷ አየችው። "ውይ! ጋሽ ግንፍሉ!"

በቃ! አግዳሚው ተከበበ። ስልክ ወጣ። አንዱ ትከሻውን አቀፈው፤ ሌላው ባርኔጣውን አስተካከለለት። "ጋሽዬ፣ እርስዎን እያየን እኮ ነው ያደግነው! እስቲ አንዴ ይቆጡን!"

"ልጆቼ፣ አሞኛል" አለ።

ሳቁ! "አያችሁ? ልክ እንደ ድራማው!"

ፍርሃት ያዘው። ትንፋሹ እየተቆራረጠ "የእውነቴን ነው" አላቸው። ይባስ ብለው ሳቁ።

በዚህ መሀል ነርሷ ከበሩ ብቅ ብላ "አቶ ወንድይራድ አጥናፌ!" ስትል ተጣራች። የእሱ ስም ነው። ከዚያ ሁሉ አድናቂ መካከል ይህን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። እጁን አነሳ፤ ሰላምታ መስሏቸው አጨበጨቡለት። ነርሷ ሦስቴ ጠራች። "የሉም ማለት ነው" አለችና ወደ ቀጣዩ አለፈች።

ወገኖቼ፣ ትሰማላችሁ? እንወድሃለን በሚሉት ሰዎች ተከቦ ተራው አለፈ!

እግሯን በፋሻ የጠቀለለች አንዲት ሴት ከግድግዳው ሥር ተነስታ ሰዉን እየገፋች ገባች። ቤቷ ቴሌቪዥን የላትም፤ ማን እንደሆነም አታውቅም።

"አባቴ፣ የሚጠሩት እርስዎን ነው?"

በአንገቱ "አዎ" አላት።

"ታዲያ ምን ትገትሯቸዋላችሁ? ከንፈራቸው ጠቁሯል እኮ! ዓይን የላችሁም?"

እሷው እያነከሰች ደግፋ አስገባችው። "ጥቂት ቢዘገዩ ልብዎ አይችልም ነበር" አለው ሐኪሙ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተላከ።

አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ፎቶው በየስልኩ ዞረ፤ "የልጅነታችን ትዝታ፣ እንወድዎታለን" ተባለለት። ከዘመድ ውጪ አልጋው ድረስ የመጣችው ግን ያቺው ሴት ብቻ ናት፤ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ።

ይህ ፍቅር ነው? እኔ ፍቅር አልለውም! ሰውየው አስቋችሁ ኖረ፤ ታምሞም እንዲያስቃችሁ ፈለጋችሁ!

ስለ ሌላ ሰው የማወራ አይምሰላችሁ። የዚህን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ድምፅ ትወዳላችሁ አይደል? እልል ትላላችሁ። ሦስት እሑድ የቀረችው ዘማሪት የት እንዳለች ማን ጠየቀ? እኔን በር ላይ "ግሩም ትምህርት ነበር" ትሉኛላችሁ። አጠገባችሁ የተቀመጡትን እናት ስማቸውን ታውቃላችሁ?

ጌታ በዚያች ቀን "ታምሜ ሳለሁ የት ነበራችሁ?" ይለናል። ያን ጊዜ ምን ልትመልሱ ነው? "አብረን የተነሳነው ፎቶ አለን" ልትሉት?