ከፍራሹ ሥር የገባ እጅ

አንድ እህል ነጋዴ ነበረ። ስንሻው፣ ጥያቄህን አልዘነጋሁትም፤ «መምህር፣ ለአባቴ ያላደረግሁለት የለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመርቀኛል፤ ታዲያ ልቤ ለምን አያርፍም?» ነው ያልከኝ። እመለስበታለሁ። አስቀድመህ ይህን ነጋዴ ስማልኝ፤ እኔ እወደዋለሁና።

ይህ ሰው በተዳፋት ላይ ቤት ሠራ። ላይኛውን ለራሱና ለልጆቹ አደረገ። ምድር ቤቱን፣ ጀርባው ተዳፋቱን የተደገፈውን፣ ለእናቱ ሰጠ፤ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣምና። ወለሉ ምን ይሁን ሲባል አንዱ ሊሾ ይበቃል አለ፣ ሌላው ላስቲክ ይነጠፍ አለ። ነጋዴው «ለእናቴማ ጣውላ ነው!» ብሎ ምርጥ ጣውላ አስመጣና ፊት እስኪያሳይ ድረስ አስወለወለው። ጊዜው በጋ ነበረ፤ መሬቱ አመድ መስሏል። ቤቱ የተመረቀ ዕለት እንግዳው ሁሉ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ሽማግሌዎቹም ወለሉን እያዩ «እንዲህ ያለ ልጅ ለሁላችን ይስጠን» አሉ። እሱም ደስ አለው፤ አይፈረድበትም።

ክረምት ገባ። ነጋዴው በየማለዳው ወደ ሥራው ሲወጣ በእናቱ በር ብቅ ይላል።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔ ጌታ።»

ይህን ሰምቶ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ይህ ቃል ለጤነኛውም ለሚያጣጥረውም አንድ ነው፤ ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና ነው። የዋሁ ነጋዴ ግን የጤና ወሬ አድርጎ ተቀበለው። እናቱን ሳል ጀመራቸው። አልጋቸውን ዛሬ ወደዚህ ጥግ ነገ ወደዚያ ጥግ ያስገፋሉ፤ ለልጃቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። ያን ያህል የተመረቀበትን ወለል እንዴት ብለው ይውቀሱት?

አንድ ቀን ሊስሙት ሲጠጉ ነጠላቸው ሸተተው። ሽታውን ያውቀዋል፤ ከክምሩ ሥር ያለ ጆንያ ሲሻግት የሚሸተው ነው። ይህ ሰው በመጋዘኑ ውስጥ ጤፉን መሬት አያስነካም፤ ጆንያውን የሚደረድረው በጠርብ እንጨት ላይ ነው። ጠባቂው «ደህና ነው ጌታዬ» ቢለው እንኳ አያምንም፤ ራሱ እጁን ከታችኛው ጆንያ ሥር ሰዶ ይዳስሳል። እናቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ ወደ ክፍላቸው ገባ፣ ተንበረከከ፣ እጁንም ከፍራሹ ሥር ሰደደ። እጁ ረጥቦ ወጣ። አንዱን ጣውላ ቢፈነቅል ከሥሩ ውሃ አቁሯል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

«ለጤፌ የማደርገውን ለእናቴ ሳላደርግ!» ብሎ እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አናጢውን ይሰድባል፤ ወይም በጣውላው ላይ ወፍራም ምንጣፍ ጨምሮ ይገላገላል። እሱ እናቱ ሲመለሱ በጀርባው አዘላቸውና ደረጃውን ወጣ። «ኧረ አውርደኝ፣ ሰው ይስቅብናል!» ቢሉ አልሰማቸውም። በራሱ አልጋ አስተኛቸው። ያን የተደነቀ ጣውላ ነቀለና ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በባዶው ምድር ቤት እሱ ተኛ። ጎረቤት «ሰውየው ለየለት» አለ። እሱ ግን በጎኑ እየተማረ ነበር። ውሃው ከተዳፋቱ ወርዶ በግድግዳው ሥር እንደሚገባ ያወቀው እዚያ ተኝቶ ነው። በመሬቱም ላይ ቁራጭ ጣውላ፣ ቁራጭ ላስቲክና አንድ ጥርብ ድንጋይ አኖረ። ጣውላው አበጠ። ላስቲኩ ላዩ ደህና መስሎ ከሥሩ አልቦት ከረፋ። ድንጋዩ ረጠበ፤ ፀሐይ ስትወጣ ደረቀና እንደ ነበረ ሆነ።

ዝናቡ ሲያባራ ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቆፍሮ ለውሃው መንገድ ሰጠው። ወለሉን በጠጠር ሞላ፤ በጠጠሩ ላይ እርጥበቱን እንዲያግድ ላስቲክ ዘርግቶ ሊሾ አፈሰሰ፤ በሊሾው ላይ ጥርብ ድንጋይ አነጠፈ። ጠቆር ያለ ነው፤ አያበራም። ከዚያ በኋላ የገባ እንግዳ ወለሉን ልብ ብሎ ያየው የለም። እኔ ግን ያን ድንጋይ ባሰብኩ ቁጥር ሰውየውን ተነስቼ እጅ ልነሳው ይቃጣኛል።

እናቱ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በሚቀጥለው ክረምት፣ ዶፍ ሲወርድ ባደረበት ማለዳ፣ ነጋዴው ገባ።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔ ጌታ።»

መልሱን ሰምቶ አልሄደም። ተንበርክኮ እጁን ከፍራሹ ሥር ሰደደ። ደረቅ ነበረ። እናቱ ሳቁ።

«ምነው ልጄ፣ ጤፍ መሰልኩህ እንዴ?»

«ጤፉንማ ካንቺ አስቀድሜው ነበር እማዬ፤ ይቅር በይኝ» አላቸው።

እንግዲህ ስንሻው፣ ነጋዴው አንተ ነህ። ጣውላው ለአባትህ የገዛህላቸው ካባ፣ በየዓውዳመቱ የምታርድላቸው በግ ነው። መልካም ነገር ነው፤ አልነቅፍህም። ሰፈሩ የሚመርቅህ ያንን አይቶ ነው። ልብህ ያላረፈው ያልዳሰስከው ነገር እንዳለ ስለሚያውቅ ነው፤ ልብህ ካንተ ይሻላል፣ አመስግነው። አባትህ በየማለዳው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉሃል፤ አንተም ቆብህን ደፍተህ ትወጣለህ። ዛሬ አትውጣ። በሚተኙበት ተኛ፣ ብቻቸውን በሚውሉበት አብረሃቸው ዋል፣ እጅህንም ሥሩን አስነካ። ረጥቦ ቢወጣ አትደንግጥ፤ ከዚያ ወዲያ የምታነጥፈውን ታውቀዋለህ። ነገ ስንገናኝ አባትህ እንዴት አደሩ ብዬ እጠይቅሃለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ብለህ ልታልፈኝ ብትል ግን አልለቅህም።